የስድስት ኪሎ አልቃሾች

ልጅ ሳለሁ አዲስ አበባ ውስጥ ከሽሮ ሜዳ ወደ ትምህርት ቤት የምወርደው በእግሬ ነበር። የአሜሪካን ኤምባሲን ረጅም አጥር ጨርሼ ስድስት ኪሎ ስደርስ አደባባዩ መሐል ያ ነጣ ያለ ረጅም ድንጋይ ቆሞ ይጠብቀኛል። የታክሲ ረዳቶች ይጣራሉ፣ ተማሪው ይሯሯጣል፣ ቀና ብሎ ድንጋዩን የሚያይ ግን ጥቂት ነው። እኔም አላይም ነበር። አያቴ ግን አብረን በወረድን ቁጥር እዚያ ስትደርስ እርምጃዋን ትገታለች። ነጠላዋን ታስተካክልና «ነፍስ ይማር» ብላ ጎንበስ ትላለች፤ ከዚያ እጄን ይዛ ትቀጥላለች። ለማን እንደምትል ጠይቄያት አላውቅም። ከድንጋዩ ግርጌ ባለው ነሐስ ላይ የሚያለቅሱት ሴቶች ዘመዶቿ ይመስሉኝ ነበር።

በዚህ ዳሰሳ የምመዝነው ያንን ነሐስ ነው። መመዘኛዬ ግን ከአርበኝነት ታሪክ ወይም ከሐውልት ቁመት የተወሰደ አይደለም። ለረጅም ጊዜ ሲያብሰለስለኝ ከቆየ አንድ ጥያቄ የተወሰደ ነው፤ የተዋናይት ፊት በነሐስ ይያዛል ወይ? ፊቷን ሺዎች የሚያውቁት፣ ሥራዋ ፊቷን መለዋወጥ የሆነ ሴት፣ አንድ ጊዜ ቀልጦ ከረጋ በኋላ በማይለወጥ ብረት ውስጥ እንዴት ትቀመጣለች? ከጉለሌ ተነስቼ ወደ መሐል ከተማ ስወርድ ንጉሥ በፈረስ፣ ጳጳስ በቆመበት፣ ባለቅኔ በግማሽ አካሉ ተቀርፀው አያለሁ። በአደባባይ የቆመች ተዋናይት ግን አላጋጠመችኝም። በጉለሌ ደጃፍ በነሐስ የተሠሩ ሴቶች አሉ፤ ስም ግን የላቸውም። ስለዚህ ስም ያላቸውን ከሌላ አገር አምጥቼ፣ ስም ከሌላቸው ከእኛዎቹ አጠገብ አቆማቸዋለሁ።

በዚህ ጉዳይ ብዙ ያስተማረ ሥራ ያለው በአሜሪካ፣ በኒው ዮርክ ግዛት፣ ሴሎሮን በምትባል ትንሽ መንደር ነው። ተዋናይቷ ሉሲል ቦል ትባላለች፤ በፊልም ጀምራ እ.ኤ.አ. ከ1951 ወዲህ «አይ ላቭ ሉሲ» በተባለው የቴሌቪዥን ድራማ አሜሪካን በሙሉ ያሳቀች ሴት ናት። ባደገችበት መንደር እ.ኤ.አ. በ2009 ቀራፂው ዴቭ ፑሊን የሠራው የነሐስ ሐውልቷ ቆመ። በአንድ እጇ ጠርሙስ፣ በሌላው ማንኪያ ይዛለች። ይህ ከድራማው ክፍሎች እጅግ ከሚወደደው የተወሰደ ነው፤ ሉሲ የመድኃኒት ማስታወቂያ ልትሠራ ትመጣና መድኃኒቱን ደጋግማ በቀመሰች ቁጥር እየሰከረች ትሄዳለች። ሐውልቱን ያየ ሰው ግን ደነገጠ። ዓይኖቿ ፈጠዋል፣ ጥርሶቿ ተገጥመዋል፣ ጉንጮቿ ሟሽሸዋል። ሕዝቡ «አስፈሪዋ ሉሲ» ብሎ ሰየማት። ነገሩ እ.ኤ.አ. በ2015 በዓለም ዜና ሁሉ ተሰማ፤ ቀራፂውም በአደባባይ ይቅርታ ጠየቀ። በ2016 ኦገስት፣ በተወለደችበት ቀን፣ ካሮሊን ፓልመር የሠራችው ሌላ ሐውልት ተመረቀ። በዚህኛው ሉሲል ነጠብጣብ ቀሚስ ለብሳለች፣ ዕንቁ አድርጋለች፣ ተረከዘ ረጅም ጫማ ተጫምታ አንድ እጇን ወገቧ ላይ ጥላለች። ሁሉም «አዎ፣ እሷ ናት» አለ። ጉዳዩም በዚያው ተዘጋ።

ለእኔ ግን አልተዘጋም። የመጀመሪያው ሐውልት ወድቋል፤ የወደቀበት ምክንያት ግን በተለምዶ የሚነገረው አይመስለኝም። ሐሳቡ ትክክል ነበር። ፑሊን የመረጠው ተዋናይቷን በሥራዋ ላይ፣ ሳቅ በምትፈጥርበት ቅጽበት ነው፤ ከዚህ የተሻለ ምርጫ አልነበረም። የከዳው እጁ ነው። በፊልም ላይ የሚያስቀው ያ የተጣመመ ፊት ከሰከንድ በላይ አይቆይም፤ ከፊቱ የነበረውና ቀጥሎ የሚመጣው ፊት አብረውት ስላሉ ነው የሚያስቀን። ነሐስ ያችን ሰከንድ ብቻዋን ነጥሎ ለዘላለም ሲያቆማት ሳቁ ወደ ሕመም ይለወጣል። ሁለተኛው ሐውልት በእጅ ሥራ ይበልጣል፤ አፍንጫው በልኩ፣ ጉንጩ በልኩ ነው። ሆኖም ከፎቶግራፍ የወጣ ነው። ለካሜራ የቆመች ቆንጆ ሴት እናያለን እንጂ ያቺን በቀልዷ አገር ያመሰችውን አናይም። መልኳ ተገኝቷል፤ እሷ ግን አልተገኘችም። ተዋናይትን መቅረፅ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ በዚህች ትንሽ መንደር ሁለት ሐውልቶች መካከል ቆሞ መማር ይቻላል።

መልክና ሰው መለያየታቸውን ቀራፂው ጃኮብ ኤፕስታይን ያውቅ ነበር። ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1936፣ አፄ ኃይለ ሥላሴ አገራቸው ተይዛባቸው እንግሊዝ ሲገቡ፣ ፊት ለፊታቸው ተቀምጦ በነሐስ የሚወጣ ምስላቸውን ሠራ። ኤፕስታይን ጭቃውን አያለሰልስም። አውራ ጣቱ የጫነበት፣ የቆነጠረበት ሁሉ በነሐሱ ላይ እንዳለ ይቀራል። ቆዳው ሻካራ ነው፤ ብርሃን ሲያርፍበት ይሰባበራል፣ ስለዚህም ፊቱ የሚንቀሳቀስ ይመስላል። በሳንቲምና በቴምብር ላይ የምናውቃቸው ንጉሥ ለስላሳና የማይደፈሩ ናቸው። የኤፕስታይኑ የደከመ ሰው ነው፣ ስደተኛ ነው። ከተዋናይት ፊት ጋር የሚያገናኘው ይህ ነው፤ የሚለዋወጥ ፊትን ለመያዝ የሚለዋወጥ ገጽ ያስፈልጋል። የተወለወለ ነሐስ የቆመ ፊት ብቻ ነው የሚይዘው።

ስለ ነሐስ አሠራር ጥቂት ልበል፤ ጉዳዩ የእኛ ስለሆነ ነው። ነሐስ መዳብ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከአሥር እጅ አንድ የሚሆን ቆርቆሮ የተቀላቀለበት። ቀራፂው በመጀመሪያ በጭቃ ይሠራል፣ በጭቃው ላይ ቅርጹን የሚቀዳ ልባስ ያደርጋል፣ በልባሱ ውስጥ ስስ ሰም ያፈሳል። ሰሙን እሳት በሚችል ጭቃ ይሸፍነዋል። ከዚያ ይቃጠላል፤ ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፣ ቦታው ባዶ ይሆናል፣ ከ1000 ዲግሪ በላይ የጋለው ነሐስም በዚያ ባዶ ቦታ ይገባል። የእኛ አንጥረኞች የመስቀሎቻችንን ውስብስብ ጥልፍልፍ ያወጡት በዚሁ መንገድ ነው። ቅኔያችን «ሰምና ወርቅ» የሚለውን ስም የወሰደውም ከዚህ ምድጃ ነው። ቅኔ ቤት ያልገባ ቀራፂ እንኳ በእጁ የሚያውቀው ነገር አለ፤ ሰሙ መጥፋት አለበት። በሴሎሮን የቆመችው ሁለተኛዋ ሉሲል ሰሟ ያልወጣላት ሐውልት ናት።

አሁን ወደ ስድስት ኪሎ ልመለስ።

የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ዓርብ ነበር። ዛሬ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢ በሆነው በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የወራሪው ኢጣሊያ እንደራሴ ግራዚያኒ የአገሩ ንጉሣዊ ቤተሰብ ልጅ መወለዱን ምክንያት አድርጎ ለድሆች ምጽዋት ይሰጥ ነበር። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምብ ወረወሩበት። ወታደሮቹም መጀመሪያ የተኮሱት እዚያው ግቢ ውስጥ እጃቸውን ለምጽዋት ዘርግተው በቆሙት ላይ ነው፤ ዓይነ ስውራን፣ ሽማግሎች፣ ልጅ ያዘሉ ሴቶች። ከዚያ በኋላ ሦስት ቀን ከተማው ተቃጠለ፤ ሰው በጎጆው ውስጥ እንዳለ ነደደ። የኢትዮጵያ መንግሥት የሟቾቹን ቁጥር 30,000 ብሎ መዝግቦታል፤ ጉዳዩን ለብዙ ዓመታት ያጠናው ኢያን ካምቤል ወደ 19,000 ያደርሰዋል። አያቴ «ነፍስ ይማር» ስትል ቁጥር አታውቅም ነበር።

ለእነዚህ ሟቾች የቆመውን የስድስት ኪሎ ሐውልት የሠሩት ሁለት የዩጎዝላቪያ ቀራፂያን ናቸው፤ አንቱን አውጉስቲንቺችና ፍራኖ ክርሺኒች። ሁለቱም በአገራቸው ስመ ጥር ነበሩ። በኒው ዮርክ የተባበሩት መንግሥታት ግቢ በፈረስ ላይ ሆና የወይራ ዝንጣፊ የያዘችውን «ሰላም» የሠራው አውጉስቲንቺች ነው። ለእኔ ከዝናቸው ይልቅ ትርጉም ያለው ሌላ ነገር ነው። ክርሺኒች የኮርቹላ ደሴት ልጅ ነው፤ ያቺን ደሴት እ.ኤ.አ. ከ1941 እስከ 1943 የያዘው ያው የሙሶሊኒ ጦር ነበር። ለእኛ ሐዘን ሐውልት ለመሥራት የመጣው ሰው የመጣው የዚያኑ ጦር ጫማ ድምፅ በመንደሩ ከሚያውቅ ሕዝብ ነው። ይህን ካወቅሁ ወዲህ ነሐሱን የማየው በሌላ ዓይን ነው።

ድንጋዩ ረጅም፣ ቀጥ ያለና ብዙ የማይናገር ነው። ንግግሩ ያለው ከታች፣ ዙሪያውን በተያያዙት የነሐስ ሰሌዳዎች ላይ ነው። ከሰሌዳው ጎልተው የወጡ ሰዎች አሉ፤ የሚገድሉ፣ የሚገደሉ፣ የተገደሉትን የሚሸከሙ፣ የሚያለቅሱ። ሁለቱ ቀራፂያን ያወቁት ትልቁ ነገር ብዛት ነው። አንድ ሰው ለብቻው አይሞትም፤ አንዱ ሥጋ በሌላው ላይ ይወድቃል፣ የአንዱ ክንድ የሌላው ይመስላል፣ የት እንደሚጀምርና የት እንደሚያበቃ ዓይን ይጠፋዋል። ይህ ትክክል ነው። የዚያ ዓርብ ሞት በነጠላ የሚቆጠር አልነበረም። ጀግና ፈልገው መሐል ላይ አላቆሙም፤ ሰይፍ የመዘዘ፣ ደረቱን የነፋ አርበኛ አላስገቡም። በዚያ ዘመን፣ በንጉሥ ትእዛዝ በሚሠራ ሐውልት ላይ፣ ይህን ያህል ቦታ ለተራ ድሃ መስጠት ድፍረት ነው። ሌላ ሐውልት በከተማችን ይህን ያህል ለድሃ ሲያዝን አላየሁም።

አልቃሾቹ ጋ ስደርስ ግን ምስጋናዬ ሁለት ቦታ ይከፈላል። ሰውነታቸው ያሳምናል። ወገብ ሲሰበር፣ ትከሻ ሲወርድ፣ አንገት ሐዘኑን መሸከም ሲያቅተው እናያለን። ለዚህ የቀራፂዎቹን እጅ አመሰግናለሁ። ልብሱን ግን አላምነውም። የነሐሱ ጨርቅ ከባድ ነው፤ የሱፍ ጋቢ ይመስላል፣ የባሕር ማዶ ገጠር ባልቴት ሻል ይመስላል። ነጠላ አይደለም። ነጠላ ቀጭን ነው። ሰውነት ላይ አያርፍም፣ ይንሳፈፋል፤ ላብ ሲነካው ይለጠፋል፣ ነፋስ ሲነካው ይነሳል። በሐዘን ጊዜ ደግሞ አለባበሱ ይለወጣል፤ ጥለቱ ቦታውን ለቆ ወደ ላይ፣ ወደ ፊት ይመጣል። ያገሬ ሰው ከሩቅ አይቶ «ሐዘን አለባት» የሚለው ፊቷን ሳያይ፣ ጥለቷን አይቶ ነው። ቀራፂዎቹ ሐዘንን ከየትም አገር በላይ ያውቁታል፤ የእኛን ሐዘን ሰዋስው ግን አላነበቡም።

ይህ ለቅሞ የመተቸት ነገር እንዳይመስል ምክንያቴን ላስረዳ። ሽሮ ሜዳ ከሐውልቱ በእግር የሚደረስበት ቦታ ነው። ከዶርዜ የመጡት ሸማኔዎች በዚያ ተዳፋት ላይ ጉድጓዳቸው ውስጥ ተቀምጠው ሲሸምኑ የሚሰማው ድምፅ የልጅነቴ ሰዓት ነበር። ጨርቁ እዚያ ነበር። አንድ ቀን ሽቅብ ወጥቶ የሚታጠፍ ነጠላ በእጁ የያዘ ቀራፂ በነሐሱ ላይ የሚያሳየው እጥፋት ሌላ በሆነ ነበር። ነሐስ ከብረት ሁሉ የሚወደድበት ምክንያት ሰም የሚቀበለውን ሁሉ መቀበሉ ነው፤ የጣት አሻራ ከተቀበለ ጥጥም ይቀበላል።

ሁለተኛው ቅሬታዬ ፊቶቹ ናቸው። አልቃሾቹ አንድ ዓይነት ፊት አላቸው። ያዘነ ፊት እንጂ የአንዲት ሴት ፊት አይደለም። ለዚህ ሥራ ምናልባት እንዲያ መሆኑ ይገባው ነበር፤ የብዙዎች ሐዘን ነውና። ቢሆንም አንዲት፣ አንዲት ብቻ፣ ከሌሎቹ የተለየች ሴት ብትኖር ብዬ እመኛለሁ። አፍንጫዋ፣ የጥርሷ ፍንጭት፣ አንገቷ ላይ ያለው ንቅሳት የሷ ብቻ የሆነ። አላፊው «ይቺን አውቃታለሁ» የሚላት። በብዙዎች መካከል አንድ የታወቀ ፊት ሲኖር ነው ብዛቱ የሚያስደነግጠው፤ ሁሉም ሲመሳሰሉ ዓይን እየለመዳቸው ያልፋል። እኔ ራሴ ስንት ዓመት አልፌያቸዋለሁ።

የአውጉስቲንቺች እጅ በአገራችን ሌላም ሥራ ነበረው። በሐረር የራስ መኮንንን የፈረስ ላይ ሐውልት የሠራው እሱ ነው። ያ ሐውልት በ2012 ዓ.ም. ሰኔ ወር በተነሳ ሁከት ጊዜ ተጎትቶ ወደቀ። በዚያው ቀን በለንደን ዊምብልደን ከሚገኝ መናፈሻ ውስጥ የነበረውና ሂልዳ ሴሊግማን የሠራችው የአፄ ኃይለ ሥላሴ ግማሽ አካል ሐውልት ተሰባበረ። ስም ያለው ሐውልት ስሙን የሚጠላ ሊያገኘው ይችላል። የስድስት ኪሎ አልቃሾች ግን በንጉሡ ጊዜ ነበሩ፣ በደርግ ጊዜ ነበሩ፣ ከዚያም ወዲህ አሉ። ማንም አልነካቸውም። ስም አልባነታቸው ጠብቋቸዋል። ይህን ሳስብ ቅሬታዬ ይለዝባል፤ አይጠፋም እንጂ።

የማይጠፋበት ምክንያት አለ። ሴት በከተማችን ነሐስ የምታገኘው ስታለቅስ ብቻ መሆን የለበትም።

በሌላ ምክንያት ነሐስ ያገኘች የፊልም ተዋናይት አለች፤ ኦድሪ ሄፕበርን። ወደ ኢትዮጵያ የመጣችው እ.ኤ.አ. በማርች 1988 ነው፤ ለተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት ድርጅት የመጀመሪያ ተልእኮዋ ነበር። መቀሌ ውስጥ ወደ 500 የሚጠጉ ሕፃናት ያሉበትን የወላጅ አልባ ልጆች ማሳደጊያ ጎበኘች። ለረሃብ እንግዳ አልነበረችም፤ በልጅነቷ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጨረሻ፣ በኔዘርላንድስ በጀርመን ወረራ ሥር ሆና የረሃቡን ክረምት አሳልፋለች። እ.ኤ.አ. በ1993 ስታርፍ፣ ባደገችበት በአርንሄም ከተማ በማግስቱ ዓመት ኬስ ቬርካዴ የሠራው የነሐስ ምስሏ ቆመ። እ.ኤ.አ. በ2002 ደግሞ በኒው ዮርክ በድርጅቱ ዋና መሥሪያ ቤት ቀራፂው ጆን ኬኔዲ በስሟ የሠራው ሌላ ነሐስ ተመረቀ። የ«ሮማን ሆሊዴይ» ፊልም ቆንጆ ከነዝናዋ የእኛን ልጆች ልታቅፍ መጣች፤ ዓለምም ለዚህ ነሐስ ሰጣት። ይገባታል። ጥያቄው የእኛዎቹ ምን አገኙ የሚለው ነው።

የእኛ ፊልም ዘግይቶ ነው የመጣው። «ሂሩት አባቷ ማነው» የታየው በ1957 ዓ.ም.፣ «ጉማ» በ1966 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ለረጅም ጊዜ የተዋናይት ፊት የሚታወቀው በመድረክ ነበር፤ በአገር ፍቅር፣ በማዘጋጃ ቤት፣ በ1948 ዓ.ም. በተከፈተው የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር። ከዚያ ትውልድ አንዲት ሴት ብቻ ምረጥ ብባል አስናቀች ወርቁን እመርጣለሁ። የሴት ገጸ ባሕርይን ነጠላ የተከናነበ ወንድ ይሠራው ከነበረበት ዘመን ማግስት መድረክ ላይ ከወጡት የመጀመሪያዎቹ ሴቶች አንዷ ናት። መድረክ ላይ የወጣችን ሴት አገር በሙሉ በክፉ ዓይን በሚያይበት ጊዜ ወጣች። ተወነች፣ ዘፈነች፣ ክራር መታች። ፍራንሲስ ፋልሴቶ የሚያዘጋጀው የ«ኢትዮጲክስ» ስብስብ 16ኛ ቅጹን ለክራሯ ሰጥቷል። ሬቸል ሳሙኤል ስለ ሕይወቷ «አስኒ» የተባለ ዘጋቢ ፊልም ሠርታለች። አስናቀች ያረፈችው በ2004 ዓ.ም. መስከረም ወር መጀመሪያ ነው። ዘፈኗ ተቀድቷል፣ ምስሏ ተቀርጿል፤ ወደ ላይ ወደ ታች የሚተላለፈው ሕዝብ ቀና ብሎ የሚያያት ቦታ ግን የላትም።

እናቴ በመድረክ አይታታለች። ስታወራልኝ ስለ መልኳ ብዙ አትልም። «ስትቀመጥ ጀምሮ ዝም ታሰኛለች» ነው የምትለው። ክራሩን ገና ሳትነካው፣ ጭኗ ላይ ስታስተካክለው፣ አዳራሹ ይበርዳል። ይህን ስሰማ የሴሎሮኗ ሉሲል ትታወሰኛለች። ቀራፂው መያዝ ያለበት ቅጽበት ይህ ነው፤ ሳቁን አይደለም፣ ዘፈኑንም አይደለም፣ ከዘፈኑ በፊት ያለችውን ዝምታ ነው። ነሐስ የሚችለው ዝምታ ነው። የተከፈተ አፍ በነሐስ ለዘላለም እንደተከፈተ ይቀራል፤ ሊከፈት የደረሰ አፍ ግን እያየነው ሊዘፍን ነው።

የሚሠራው ሰው ሁለት ነገር እንዲጠነቀቅልኝ እፈልጋለሁ። ክራር አውታሩ አምስት ወይም ስድስት ነው። በነሐስ ዘንግ የተሠራ አውታር ወይ ይጎብጣል ወይ ይሰረቃል፤ ካልጎበጠም የአጥር ሽቦ ይመስላል። አውታሩን ይተወው። ጣቶቿን በትክክል ካስቀመጠ አውታሩን የሚያየው ተመልካቹ ነው። ሁለተኛው ነጠላዋ ነው። ከስድስት ኪሎው ስህተት ይማርበት፤ ሽሮ ሜዳ ይውጣ፣ ጨርቁን ይግዛ፣ ውኃ ውስጥ ይንከረው፣ በጭቃው ላይ ይጣለው፣ እንዴት እንደሚወድቅ ይይ። የእኛ ጥጥ ነሐስ ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚመስል እስካሁን በአደባባይ አላየሁም፤ ለማየት እጓጓለሁ።

ፎቶግራፍ ይኑረው፣ ግን በፎቶግራፍ አይታሰር። በከተማችን ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ከቆሙት ሐውልቶች ብዙዎቹ ፊት ለፊት የሚያዩ፣ ትከሻቸው የተስተካከለ፣ የመታወቂያ ፎቶ የሚመስሉ ናቸው። ከጎን ቢያዩዋቸው ምንም የላቸውም። ሐውልት ማለት ግን ዙሪያውን የሚዞሩት ነገር ነው። አስናቀችን ከኋላዋ የሚያይ ሰው አንገቷንና የሹሩባዋን አወራረድ አይቶ ከፊት ሳይመጣ ማወቅ አለበት። ቀራፂ የለም አይባልም። የአለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት ከ1950 ዓ.ም. ጀምሮ ሲያስተምር ኖሯል፤ ጭቃ የሚያናግሩ እጆች ከዚያ ወጥተዋል፣ ዛሬም ይወጣሉ። የሚጎድለው አዛዥ ነው፤ የሚያዝዘው ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚያስበው ለመሪና ለጦረኛ ነው።

ቦታውስ? እኔ ጉለሌን እመርጣለሁ፤ ከሽሮ ሜዳ ወደ ስድስት ኪሎ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ዝቅ ባለ መቀመጫ ላይ። ሕፃን ሊነካት በሚችልበት ከፍታ። የሕፃናት እጅ የነካው ነሐስ እየተወለወለ ያበራል፤ የክራሯ ጫፍና የጣቷ መገጣጠሚያ ወርቅ እስኪመስሉ ድረስ ይብሩ። ከታች አልቃሾቹ አሉ፣ ከላይ እንጦጦ አለ፤ መሐል ላይ ሳታለቅስ የተቀመጠች አንዲት ሴት ትኑር፣ ስሟም በፊደላችን ይጻፍ። አያቴ ብትኖር እዚያም ትቆም ነበር። ጎንበስ ማለቷን እንጃ፣ ፈገግ ትል ነበር ብዬ አምናለሁ።

የስድስት ኪሎውን ሥራ በተመለከተ ፍርዴ ይህ ነው፤ የከተማችን ምርጥ ነሐስ ነው፣ ሰውነትን ያውቃል፣ ድሃን ያከብራል፤ ልብሳችንንና ፊታችንን ግን በሩቁ ነው ያየው። የቀረውን መሥራት የእኛ ድርሻ ነው፤ ጊዜውም አጭር ነው። አስናቀችን በመድረክ ያያችሁ ሰዎች እያረጃችሁ ነው። ክራሩን ጭኗ ላይ እንዴት ታስቀምጠው እንደነበር፣ ነጠላዋን በየትኛው ትከሻዋ ትጥለው እንደነበር፣ ከመዝፈኗ በፊት ወዴት ታይ እንደነበር የምታስታውሱ፣ እባካችሁ አንድ ቀራፂ ፈልጋችሁ ንገሩት።